የሰዓት ሠሪው ልብና የዋንጫው ፍጻሜ

ልባቸው በታመመ በሦስተኛው ዓመት፣ ጨው ከገበታቸው በተሰደደ በሁለተኛው፣ በዘመነ ክኒን፣ የሚደግፉት ቡድን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድርቅ በኋላ ለዋንጫ ፍጻሜ በደረሰበት ወራት፣ ስዩመ ሶፋ፣ መዋዔ ደረጃ፣ አርባ ዓመት የሰውን ሰዓት ሲያቃኑ ኖረው የገዛ ትርታቸው የተዛባባቸው ታላቁ ሰዓት ሠሪ ያደረጉትን እንጽፋለን። እኛም ጸሐፊው የእህታቸው ልጅ ነን፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስለምንሠራ መጻፍ ልማዳችን ነው። በዓይናችን ያየነውን ነውና አንዋሽም፤ ብናጋንንም ጥቂት ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። የልብ ሐኪማቸው፣ ጨዋታ ሲታይ የደካማ ልብ ትርታ ተቀምጦም እንደ ሯጭ ሊሆን ስለሚችል ከተቻለ ይቅርብዎ ብለዋቸው ነበር፤ ጀግናችን ግን ከዚህ ሁሉ ቃል «ከተቻለ» የምትለዋን ብቻ ይዘው ወጡ። ይህን የሰሙ ባለቤታቸው፣ እመ ክኒን፣ ዐቃቢተ ሪሞት፣ በቤቱ ሁሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጨዋታው ይታያል። ነገር ግን የእሱ ትርታ በደቂቃ ከመቶ አሥር ካለፈ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ እስኪበርድለትም አይበራም። ‹ትንሽ ብቻ› ብሎ የሚለምነኝ ካለ ጫማውን አድርጎ ይውጣ።»

በዕለቱም ሰልፉ እንዲህ ነበር፤ በቀኝ ዳኛ በመሳደብ ስሙ የተጠራ ታክሲ ነጂው የሚስታቸው ወንድም፤ በግራ የራሱ ቴሌቪዥን ስለተበላሸ በጠላት ሰፈር የተጠለለ፣ የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ በያጁ ጎረቤት፤ በደጀን ውሃና ከምላስ ሥር የሚደረገውን ክኒን ይዘን እኛ። በመሐል ጀግናው በሶፋቸው ተሰየሙ፤ ባለቤታቸውም ከጎናቸው ሆነው፣ ነርሷ ልጃቸው በስልክ እንዳስተማረቻቸውና ጠዋትና ማታ እንደለመዱት፣ የግራ አንጓቸውን በአውራ ጣት ተጭነው፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ተክለው፣ ሩብ ደቂቃ እየቆጠሩ በአራት ያባዙ ነበር።

በሃያኛው ደቂቃ ቡድናችን ወደ ግብ ሲገሰግስ መቶ አሥራ ስድስት ተባለና ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ በጠፋበትም ጎል አገባን፤ ይህንም ያወቅነው ከመንገድ በተነሣው ጩኸት ነው። በሰባኛው ደቂቃ መቶ ሃያ ተባለና ዳግመኛ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገባብን፤ በያጁም የጠፋውን ስክሪን እያየ አጨበጨበ። ጀግናው ሁለት ጎል የተቆጠረበትን ጨዋታ አንድም ጎል ሳያዩ አሳለፉ። ለሚስታቸው ግን ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ጢማቸውን ብቻ ነቀሉ።

ጭማሪው ሰዓትም አልቆ ነገሩ ፔናሊቲ ላይ ወደቀ። አራት ለአራት ሆኑ፤ የእነሱ አምስተኛ መቺ ሳተ፤ የቀረችው የእኛ አንዲት ምት ነበረች፤ ከገባች ዋንጫው የእኛ ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮይቱ ቆጥረው መቶ ሠላሳ ሁለት አገኙ። እጃቸው ወደ ሪሞቱ ሄደ፤ ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን የባላቸውን ፊት ቢያዩ አልጨክን አላቸው፤ ሁለተኛ አዋጅም አወጡ፦

«ሕጉ ለዚህች አንዲት ምት ተሽሯል። ይያት። ክኒኑን አቅርቡልኝ።»

ጀግናውን ግን ቁጥሩ አልጣማቸውም። በደረታቸው የሚሰሙትና የተነገራቸው አልገጥም ቢላቸው፣ ዳኛው ግብ ጠባቂውን ወደ መስመሩ ሲመልስ፣ በሁለት ጣት አንገታቸውን ነክተው ቆጠሩ፤ ሰማንያ አራት። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ሰማንያ አራት። ከዚያም አንጓቸው ላይ ያለውን አውራ ጣት አዩ፤ ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኗል። አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ነርሷ በስልክ በየትኛው ጣት እንደያዙ አላየችም፣ እናቷም አላወቁም። ጀግናው የሚስታቸውን እጅ ገልብጠው አንጓውን አዳመጡ፤ መቶ ሠላሳ ሁለቱ እዚያ ነበረ። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ጠዋትና ማታ የእርሳቸው ነው ተብሎ የተቆጠረው ሁሉ የሚስታቸው ልብ ኖሯል።

መቺው መንደርደር ጀመረ። ጀግናው ሪሞቱን ከሚስታቸው ጭን አንሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ታክሲ ነጂው እንደ ቆሰለ ሰው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በሕይወታቸው አዋጅ አውጥተው የማያውቁት ጀግናም አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጠረው የእሷ ነው፤ ቆጣሪውም እኔ ነኝ። ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ያንን ውሃ ለእሷ ስጧት።»

ወዲያው መንገዱ በጩኸት ተናወጠ። የደስታ ይሁን የሐዘን በያጁ በመስኮት አይቶ በጆሯችን ነገረን፤ ነገር ግን ጀግናው አልጠየቁምና እኛም እዚህ አንጽፈውም። እርሳቸው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ይቆጥሩ ነበር፤ መቶ ሃያ፣ መቶ አራት፣ ዘጠና ስድስት።

ሰላም ለአጻብዒሆሙ፣ የሰዓትን ጥርስ ለሚያቃኑት ጣቶቻቸው፤ ሰላም ለዓይናቸው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ምኞቱን በፈቃዱ ለጨፈነው። ነገሥታት ከተማ ያዙ፣ ቡድኖች ዋንጫ ያዙ፤ ታላቁ ሰዓት ሠሪ ግን የሚስታቸውን እጅ ይዘው፣ ሰማንያ ስምንት እስኪገባ ድረስ አልለቀቁም።