አራቱም ቦታ ካልሞላ

ሞኝነቴን በራሴ አፍ ልናገር፤ ባዶ ቦታ ሳይ ያመኛል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ዝም ሲል «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» የሚል ተሳፋሪ አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ነኝ።

አቃቂ በሰቃ የሠርግ ቪዲዮ የምሠራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ በሁለት ፈጣን ራም ይከንፍ ነበር፤ ራም ማለት ማበጠሪያ የምታህል፣ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ የሚያስታውስባት ቁራጭ ናት። ባለፈው ክዳኑን ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ሁለት ባዶ የራም ቦታ አየሁ። ታዲያ ዝም ብዬ ልዝጋው? እንደነሱ ፈጣን የሆኑ ሁለት ጨምሬ አራቱንም ሞላሁ።

ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ሙሽራዋ ከሰዓት ቪዲዮዋን ልትወስድ ትመጣለች፣ እኔ ጋ ቪዲዮው ውስጥ ገና ኬክ አልተቆረሰም! ኮምፒውተር የምትጠግነውን ጎረቤቴን ሰናይትን ጠራኋት።

«ጋሼ፣ አራቱ አንድ ላይ በዚህ ፍጥነት አይሮጡም። ወይ ፍጥነቱ ይቀንስ፣ ወይ ሁለቱ ይውረዱ።»

«ቦታ እያለ?»

«ቦታ እያለ!»

ሁለቱ ወረዱ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ኬኩም ተቆረሰ። ሙሽራዋ ስትደርስ ኩራቴ ለጉድ ነበር። በሠርጉ ቀን ካሜራዬ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍተት ባየሁ ቁጥር አክስቱንም፣ አጎቱንም፣ ጎረቤቱንም «ጠጋ በሉ» እያልኩ ሞልቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሙሉ ቪዲዮ ማን ይሠራል?

ቪዲዮውን ከፈትኩላት። ኬክ ሲቆረስ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰፈሩ በሙሉ አለ። ባሌን የት አወረዱት?»