እናቴ የሳመችው ማኅተም

«ጀርባ ሰጥተህ ያቀረብከው ሰላምታ ከስድብ ይቆጠራል» ይል ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና። እሱ እንደሆነ እያረሰ ሳለ መንገደኛ በኋላው ቢያልፍ፣ በሬዎቹን አቁሞ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሙሉ ለሙሉ ዞሮ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የሚለው። ኋላ ኋላ በሬዎቹ ራሳቸው መንገደኛ ሲያዩ መቆም ጀምረው ነበር። ሰላምታ ወዳድ ሆነው ይሁን ሥራ ጠል፣ እግዜር ይወቀው።

ይህን ያነሣሁት በእናቴ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሌ በደርግ ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም። የቀሩን ጥቂት ደብዳቤዎቹ ናቸው። ወታደር ደብዳቤ ሲጽፍ አይታችኋል? የላሚቱን፣ የጎረቤቱን፣ የነፍስ አባቱን ጤና አንድ በአንድ ይጠይቅና፣ ራሱ የት እንዳለ ሲደርስ «ካለሁበት ቦታ ሆኜ» ብሎ ያልፋል። ያለበት ቦታማ ያለበት ቦታ ነው! ኤንቨሎፑ ላይ ያለው ክብ ማኅተም ደግሞ ከሱ የባሰ ምስጢረኛ ነው፤ የወታደር ፖስታ ቤት በአገር ስም ፈንታ ቁጥር ነበር የሚመታው።

እናቴ ግን ራሷ ፈረደች። ያን ጊዜ ጦርነት ሲባል ሰሜን ነበርና፣ ልጄ ሰሜን ነው አለች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ትጸልያለች፤ «ደምሌን አደራ» ትላለች። «አሜን» ካለች በኋላ ወደ ግራዋ፣ ወደ ጣራ ገዳም አቅጣጫ ዞር ብላ፣ «እንዴት አደርክ ልጄ?» ትላለች። ጎረቤት ገዳሙን የምትሳለም ይመስለዋል። ዘንድሮ ጉልበቷ ሲደክም ግን ጥርጣሬ ገባት። «ሳልሞት የት እንደነበረ ቁርጡን ባወቅሁ» አለችኝ፤ «ሰላምታዬ ሜዳ ላይ ቀርቶ እንደሆነስ?»

በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ ወደ ከተማችን ወረታ መጣ። በጎረቤቴ በሰይድ ሱቅ ተቀምጦ «አሮጌ ኤንቨሎፕ ያላችሁ» እያለ ይጠይቃል። ደብዳቤውን አይደለም፤ ኤንቨሎፑን! ሰው ወረታ ለሩዝ ይመጣል፣ ለከብት ይመጣል፤ ለቆሸሸ ወረቀት የመጣ እሱን አየሁ። «አያ ሞላ፣ ይኼ ሰውዬ ፍሬውን ትቶ ገለባ የሚገዛ ነው» አለኝ ሰይድ በጆሮዬ። ለካ የወታደር ፖስታ ማኅተም ከየት እንደተመታ መለየት ነው የሰውየው ፍቅር።

ሮጬ ኤንቨሎፖቹን አመጣሁለት። የመጨረሻይቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ይቺ ምን አግኝቷት ነው? ቁጥሩ ተፍቋል እኮ» አለኝ። ምን ልበለው? እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤውን ዲያቆን ያነብላታል፤ እሷ ማኅተሙን ትስማለች። ልጄ ያለበትን ምድር የነካው እሱ ነው ትላለች። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትስመው ስትስመው ቁጥሩን በልታው ቁጭ!

እውነቱን ነገርኩት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ኤንቨሎፗን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ይዟቸው ከመጣው ማኅተሞች ጋር አንድ በአንድ አስተያያት። እናቴ የምትስመው መሐሉን ኖሮ ጠርዙ ተርፏል። «ይኸውልዎ፣ ክቡ እዚህ ጋ ተሰብሯል» አለኝ፤ «ይህ ስብራት ያለበት ማኅተም አንድ ብቻ ነው። የተመታውም ምሥራቅ ነው፣ በሐረር በኩል።»

ምሥራቅ! አባቴ ቢሰማ ምን ይል? ያን ሁሉ ዘመን የገዛ ልጇን፣ ጀርባ እንኳ ባይሆን፣ ጎኗን ሰጥታ ሰላም ስትል ኖራለች። «እባክዎ፣ ሰሜን ነው ብለው ይንገሩልኝ» ብዬ ለመንኩት። ጾም ጸሎት የማላጓድል ሰውዬ ሰውን ለሐሰት ስማጸን አስቡት! «ልጇን እንዴት አደርክ የምትለው ወደዚያ ዞራ ነው። ሰላምታሽ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ ብዬ በምን አፌ ልንገራት?»

እንግዳው ኤንቨሎፗን በሁለት እጁ መለሰልኝና እንዲህ አለኝ፦

«እናትዎ ሲጸልዩስ ወዴት ነው የሚዞሩት?»