ጋሽ ፀሐዬና የተጠማው ዊንች

በየሰፈሩ ዘይት ይዞ የሚዞር አንድ ሰው አለ። የለም የሚል ካለ ሰፈሩን አያውቅም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም፣ ሰው በማወቅ ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ጫፍ የሚስተካከለኝ የለም፤ የየካ ሚካኤሉን የኛን ሰው ላሳያችሁ። ክቡር ጋሽ ፀሐዬ፣ የሲጥሲጥታ ሁሉ ጠላት።

ሲጥ ያለ ነገር ከሰሙ እንቅልፍ የላቸውም። "ጠምቶት ነው!" ይሉና ከካፖርታቸው ኪስ የስፌት መኪና ዘይት አውጥተው ጠብ ያደርጉበታል። የጎረቤት በር፣ የጋሪ ጎማ፣ የሕፃን ብስክሌት። አንዴ ታክሲ ውስጥ ወንበር ሲጮህ ሰምተው ተሳፋሪውን አስነስተው ወንበሩን አጠጡት። ታክሲ ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ በጉብዝናዬ እንጦጦ ማርያም ድረስ መኪና ቀድሜ በእግሬ... ተዉት፣ አታምኑኝም።

አመሉ የመጣው በባለቤታቸው በወይዘሮ በለጡ ነው። ጩኸት አይወዱም ነበር። አምና ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭጭ አለ፤ ጋሽ ፀሐዬ ግን ማጠጣቱን አልተዉም።

ሙት ዓመታቸው እሑድ ነው። የመቃብራቸው ድንጋይ ሊሊሳ በሚባል ድንጋይ ቆራጭ ግቢ ስማቸው ተቀርጾበት ተጋድሟል። አንድ ወጥ ነው፤ ተተኪ የለውም። መኪና ላይ የሚጭነው ከላይ የተሰቀለ ማንሻ ሞተር፣ ባለ ሁለት ፍጥነት ዊንች ነው፤ ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት በዝግታ ይሄዳል፣ አጥብቀው ሲጫኑት ይፈጥናል፣ ሲለቁት ቀጥ ይላል። ሐሙስ ግን ቀጥ አላለም። ሊሊሳ ቁልፉን ቢለቅም ተንሸራቶ ወረደና አንድ የደረጃ ድንጋይ መሬት ላይ አላትሞ ለሁለት ከፈለው።

ዓርብ ሃይሚ የምትባል ሞተር ሠሪ መጣች። ጋሽ ፀሐዬ ከጠዋት ጀምሮ የሊሊሳ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት፣ ድንጋዮቹ የተኙ ላሞች ይመስላሉ።

ሃይሚ በመጀመሪያ ዊንቹን በባዶው አወረደችው። "ከፈጣኑ ወደ ዝግታው ሲገባ በደንብ ይቀንሳል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ መብራቱም አልደከመም።" ቀጥላ የተሰበረውን ድንጋይ ሰቀለችና ቁልፉን ለቀቀች። ስንዝር ያህል ተንሸራተተ።

"ፍሬኑ ነው" ብላ ክዳኑን ፈታች። የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሶ ያብለጨልጫል። "ይሄ ከካምቢዮው እየፈሰሰ ነው። ወርዶ መፈታት አለበት። ሁለት ሳምንት።"

"እሑድ እኮ ሙት ዓመት ነው!" አለ ሊሊሳ።

"ድንጋዩ ቢሰበር ይሻልሃል?"

ጋሽ ፀሐዬ አቀረቀሩ። ዊንቹ ሲቆም ሲጥ ይል ነበር። የበለጡ ድንጋይ በዚያ ጩኸት ሲወርድ ታያቸውና፣ ረቡዕ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ መሰላል ላይ ወጥተው ነበር። በሰባ ሁለት ዓመታቸው! ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ተሳሳትኩ ብለው ደግሞ አያውቁም። ቀና ብለው ጉሙን አዩት። በለጡ ነጠላቸውን ተከናንበው እዚያ ውስጥ የቆሙ መሰላቸው።

"ልጄ፣ እስቲ አሽትችው" አሉ።

"ምኑን?"

"ዘይቱን። የካምቢዮ ዘይት ይከረፋል። ይሄ የስፌት መኪና ነው። እኔ ነኝ።"

"ምን አድርገው?"

"ጠምቶት..." አሉ፤ አልጨረሱትም።

ሃይሚ አሸተተችው። "ጋሽ ፀሐዬ! ፍሬን እኮ ደረቅ ሲሆን ነው የሚይዘው!"

"ሲጮህስ?"

"ይጩሃ!"

"እኔም አንድ ቀን ሳስነጥስ ያጠጡኛል" ብሎ ሊሊሳ ዘይቱን ተቀበላቸው።

ካምቢዮው ሳይፈታ ቀረ። ዘይቱ ተጠርጎ አዲስ ሸራ ገባ። ቅዳሜ ማለዳ የተሰበረውን ድንጋይ ለሙከራ አስቀድመው ሰቀሉት፤ ቀጥ አለ። ከዚያ የበለጡ ድንጋይ ተነሳ፣ ጉሙን ሰንጥቆ ሄደ፣ በዝግታ ወረደ። ወይዘሮዋ አልጋ ላይ ጋደም ሲሉ እንደነበረው፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ። መኪናው ላይ ሲያርፍ ግን ዊንቹ ሲጥ አለ። የጋሽ ፀሐዬ እጅ ወደ ኪሳቸው ሄደ። ኪሱ ባዶ ነው። እጃቸውን እዚያው ተዉት።

ሰኞ ዘይታቸው ተመለሰላቸው። እኔም፣ ሰው አይስማኝና፣ የቤቴ በር ማጠፊያ ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፈክፋለሁ፣ እንዲዝግ። ከምሳ በኋላ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደርገዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ካፖርታቸው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል።

"ጠምቶት ነው!"

"ይግቡ ጋሽ ፀሐዬ፣ ይግቡ። መጮሁን እንኳ አልሰማሁትም።"