ኮታው እንዳይቃጠል

ወር ሲያልቅ የሚቁነጠነጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዙሪክ፣ ኦርሊኮን የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ እንዲህ ናቸው። አዲስ አበባ በቀበሌ ካርድ የወሩን ስኳር ያልወሰደ ሰው ኮታው ይቃጠልበታል። እሳቸውም ባንክ የሰጣቸውን የዱቤ ካርድ እንደዚያው ቆጠሩት። ባለፈው ወር መጨረሻ ሦስተኛ ጃንጥላ ገዙ።

ታላቅ ወንድሜ ጄኔቭ ሞቶ አርባው ሲደርስ ቤቴ መጡ።

«የተዝካሩን በግ በካርዴ እንግዛ፤ ኮታዬ አላለቀም።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብድር ነው።»

«ታዲያ ወንድምህን በዳቦ ልታስበው ነው?»

ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። ሰው ምን ይለኛል? ወንድሜ ግን ከማንም ሳይበደር፣ ከደመወዙ በየወሩ እያስቀመጠ ነው ያስተማረኝ። በአርባው ባለዕዳ ላደርገው አልቻልኩም።

«አዎ ጋሼ፣ በዳቦ ነው» አልኳቸው።