እትዬ በለጡ «አምሮብሻል» ያሉ ቀን

የሰውን ፊት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ካለ፣ ገና ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም መሆን አለበት። ባለሥልጣኑ ደሞዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ማን እንደሾመውም አይታወቅም። ሥራውን ግን አንድ ቀን አያጓድልም። ከቤታችሁ ወጥታችሁ ታክሲ ሳትይዙ ያገኛችኋል። «እንደምን አደራችሁ» የሚባለው በኋላ የሚደርስ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የምርመራ ውጤታችሁ ይነገራችኋል። «ምነው ከሳሽ?» «ምነው ጠቆርክ?» ከሁለቱም ያመለጠውን «ምነው ወፈርክ?» ይጠብቀዋል።

ከቀበና ድልድይ በላይ ባለው ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ በለጡ ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጧት ጧት የፕላስቲክ ወንበራቸውን በራቸው ላይ ያወጣሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ምስር እየለቀሙ ይቀመጣሉ። ምስሩ ሰበብ ነው፤ የሚለቀመው ሰው ነው። ክር በመርፌ ለማስገባት የጎረቤት ልጅ የሚጠሩት ሴትዮ፣ ሰው ፊት ላይ የወጣች ብጉር ስትሆን ከመንገዱ ማዶ ያዩዋታል። በሌላ በኩል ልዙር ላለ ደግሞ ያለው መንገድ በወንዙ ዳር ነው፤ የዚያ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል።

ሚሊዮን የሚባለው የሰፈሩ ወጣት ስንት ወር ጂም ተመላልሶ፣ ጠባብ ቲሸርት ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ያለፈ ቀን፣ «ውይ ሚሊዮንዬ! ምነው አበጥክ? ኩላሊትህን ታየህ እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሰፊ ጃኬት ነው የሚለብሰው። የሰፈሩ ልጅ የማዕረግ ሚስት በሠርጓ ቀን ከመኪና ስትወርድ «ሙሽሪት፣ ምነው ጠወለግሽ?» ያሉት ድምፅ ከነእልልታው ቪዲዮው ላይ ተቀርጾ ቀርቷል። ከእንጦጦ እየሮጠ የሚወርደውን ኤጀታን ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ ማነው የሚያባርርህ? አጥንትህ ቀረ እኮ!» ብለው አስቆሙት። አትሌት መሆኑን፣ መክሳቱም ከሥራው እንደሆነ አስረዳቸው። «እሺ» አሉት። በማግስቱ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ይዘው መንገድ መሀል ጠበቁት፤ «በሞቴ!» እያሉ በጉርሻ ጨረሱበት። በዚያ ሰሞን ውድድር ስንተኛ እንደወጣ ኤጀታ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

እትዬ በለጡ ግን የማያፈርሱት ሕግ አላቸው። ጉድለቱ የሚነገረው ለጤነኛ ሰው ብቻ ነው። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ከእሳቸው አፍ ማር እንጂ ሌላ አይሰማም። ጎረቤታቸው አቶ ፍሥሐ ዕድሜ ልካቸውን «ምነው ጠቆሩ?» ሲባሉ ኖረው፣ ከሆስፒታል ተመልሰው አልጋ የያዙ ዕለት እትዬ በለጡ ገቡና፣ «ምንም አልሆኑም እኮ! እንደውም አምሮብዎታል» አሏቸው። አቶ ፍሥሐ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከዚያ፣ «በሉ የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» አሉ። በዚያው ሳምንት አረፉ። ይህን ለቅሶው ላይ ያልሰማ የለም፤ ለሰፈሩ አዲስ የነበረችው ሶሬቲ እንኳ ሰምታለች።

ሶሬቲ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ከባሏ ከፍሮምሳ ጋር ከነቀምት መጥተው ከእትዬ በለጡ ግቢ ትንሽ አለፍ ብሎ ተከራይተዋል። ችግሯ ያለው ከዓይኖቿ ሥር ነው። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ የኋላ ኋላ ጧት መስታወት ውስጥ የምታየው ሌላ ሴት ሆነ። ድካሙም አለ፤ እንቅልፍ ጠግባ ተነስታ ያልተኛች ያህል ነው። ሰው በቲሸርት ሲሄድ እሷ ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርባለች። የፈተና እርማቱ ነው፣ የእንጦጦ ብርድ ነው፣ እያለች ራሷን አታለለች።

እትዬ በለጡን ግን ማን ያታልላቸዋል? «ሶሬቲዬ፣ ዓይንሽ ሥር ምነው ከሰል መሰለ?» ብለው ጀመሩ። ደም ማነስ ነው አሉና ከሾላ ገበያ ቀይ ሥር ተሸክመውላት መጡ። ቀይ ሥሩ አልሠራም። ጨጓራ ነው ተባለና ተልባ ተወቀጠ። ተልባውም አልሠራም። «እንግዲያው የሰው ዓይን ነው!» አሉ፣ ከጧት እስከ ማታ በዓይናቸው ሲያባርሯት የሚውሉት እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ። ሶሬቲም በበኩሏ ስልኳ የመከራትን ሁሉ አደረገች፤ ኪያር ቆርጣ ለጠፈች፣ ድንች ፍቃ ለጠፈች፣ ያደረ የሻይ ከረጢት ለጠፈች። አንድ እሑድ እንዲህ ሆና ሶፋ ላይ ተጋድማ ፍሮምሳ አያትና፣ «ሰላጣው ደርሷል?» አለ። ያን ቀን ምሳውን ብቻውን በላ።

ጥቁረት የሚሸፍን ኮንሲለር የሚባል ቅባት የተቀባች ጊዜ እትዬ በለጡ በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጣታቸውን ወደ ብርሃን አነሱና፣ «ግድግዳ ነሽ እንዴ የምትለሰኚው?» አሏት። ጥቁር መነጽር አደረገች፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነገር አመጣ። ፍሮምሳ ከሥራ ሲመለስ እትዬ በለጡ ጠሩት። «ና እስቲ እጅህን አሳየኝ።» ጣቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ መረመሩ። «ምን ሆነዋል እትዬ?» ሲላቸው፣ «ምንም። ብቻ ሚስትህ ያለ ሰው አይደለችም፤ እኔ እዚህ እንዳለሁ እወቅ» አሉት። ዶሮ ማረድ የሚፈራው ፍሮምሳ ግራ እንደገባው ቤቱ ገባ። ሶሬቲ በነጋታው መነጽሩን ጣለችው።

እውነቱ የወጣው ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳ ላይ አንገት ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ቢራቢሮ አድርጋ ሥላ፣ ሆርሞኑ ሲያንስ የሚታዩትን ምልክቶች እየጻፈች ነበር። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የፀጉር መሳሳት፣ የዓይን አካባቢ ማበጥ። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ይህን ትምህርት በየዓመቱ ታስተምራለች፣ በየዓመቱም ፈተና ታወጣበታለች። ተማሪዎቹ ፊት አንገቷን ዳበሰችና አንዲት ትንሽ እባጭ አገኘች።

መገናኛ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ሄደች። ዶክተር ሃኒ የምትባል ሐኪም ደሟን አስመረመረች፣ አንገቷን በአልትራሳውንድ አየች። «ሆርሞንሽ በጣም አንሷል። ድካሙም፣ ብርዱም፣ የዓይንሽ ማበጥም ከዚያ ነው» አለቻት። «ከእባጩ ግን በመርፌ ናሙና ወስደን እንየው። ከመጥፎ ነገር ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ አለብን።» መጥፎ ነገር የሚባለው ምን እንደሆነ የባዮሎጂ አስተማሪ አይጠፋትም።

ፕላስተር ተለጥፎላት ስትመለስ እትዬ በለጡ እንደ ልማዳቸው አስቆሟት። «አንገትሽ ላይ ምንድነው?»

«እባጭ ተገኝቶ በመርፌ ናሙና ወሰዱልኝ፣ እትዬ። ካንሰር እንዳይሆን ብለው ነው። ውጤቱ ገና ነው።»

እትዬ በለጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። አጎንብሰው ምስራቸውን ይለቅሙ ጀመር። በሰፈሩ ታሪክ ቃል ሲያጥራቸው የታየው ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጧት ሶሬቲ ፊቷ ላይ ምንም ሳትቀባ ወጣች። ውጤቱ ሲያስጨንቃት ስላደረ የዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ተንጠልጥሏል። ጳጳስ ቢመጣ እንኳ ጉልበቴን ብለው የማይነሱት እትዬ በለጡ ከወንበራቸው ተነሱ። ምስሩ ተበተነ። ሁለት እጇን ያዙና ፊታቸውን በግድ አበሩ።

«ሶሬቲዬ! አምሮብሻል!»

ሶሬቲ እጆቿን ከእጃቸው አላቀቀች። ወደ ታክሲው መሄዱን ትታ ወደ ቤት ተመለሰች። ፍሮምሳ ጺሙን እየተላጨ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«እትዬ በለጡ አምሮብሻል አሉኝ።»

ፍሮምሳ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «አንቺ እኮ ሳይንስ የተማርሽ ሰው ነሽ» አላት።

«ፍሮምሳ፣ እንዲህ ሆኜ እየታየሁ አምሮብሻል አሉኝ!»

ምላጩን አስቀመጠና ከነሳሙናው አጠገቧ ተቀመጠ። ማናቸውም ስም አልጠሩም፤ ሁለቱም ግን አቶ ፍሥሐን ነበር የሚያስቡት።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የነበረው ጊዜ የሙገሳ መዓት ነበር። «ፍክት ብለሽ የለም እንዴ!» «ዛሬማ ልጃገረድ መስለሻል!» እያንዳንዷ ሙገሳ ሶሬቲን ወደ ሞት አንድ እርምጃ ታቀርባት ነበር። ሰፈሩም እትዬ በለጡን አይቶ አመል ቀየረ። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላታል፤ ሚሊዮን ሳትጠይቀው ቦርሳዋን ተቀብሎ ይሸኛታል። ሶሬቲ ከሰል የተባለችበትን ዘመን ናፈቀች። ምናለ አንዴ እንኳ ቢሰድቡኝ፣ አለች በሆዷ።

አንድ ቀን እትዬ በለጡ ራሳቸው በሯን አንኳኩ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል፣ በእጃቸው የውሃ ፕላስቲክ ይዘዋል። እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው መምጣታቸው ነው፣ ያን አቀበት በዚያ ጉልበት።

«ጠበል ነው። የናንተ ሃይማኖት ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባትጠጪውም ፊትሽን ተለቅለቂበት» አሉ። ሊሄዱ ዞር ብለው ደግሞ ተመለሱ። «በእናንተም ጸሎት ቤት ይጸለይልሽ። በየትኛውም በር ይግባ፣ ብቻ ይግባልሽ።» ይህን ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱና፣ ሙገሳቸውን እንኳ ሳይጨምሩ ሄዱ።

ሶሬቲ ፕላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። እናቷ ነቀምት ናት፤ እንዳትደነግጥ ብላ አልነገረቻትም። እዚህ ግን ያልወለደቻት ሴት በታመመ ጉልበቷ ተራራ ወጥታላታለች። «እኔ እኮ እኚህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ» ብላ አሰበች፤ ማሰቧ ራሷን አስገረማት። በሩን ዘግታ አልቅሳ፣ ፊቷን በጠበሉ ታጠበች።

የውጤቱ ቀን ፍሮምሳ አብሯት ሄደ። ዶክተር ሃኒ ወረቀቱን አየችና፣ «ካንሰር አይደለም» አለች። «ጉዳት የሌለው እባጭ ነው፤ እየተከታተልን እናየዋለን። ለሆርሞኑ ኪኒን አዝልሻለሁ፤ ጧት በባዶ ሆድሽ በየቀኑ ትወስጃለሽ። የዓይንሽ እብጠት ቀስ እያለ ይቀልልሻል። ጥቁረቱን ግን አትቸኩዪበት፤ ጥቂቱ የቤተሰብም ሊሆን ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል።» ሶሬቲ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ፍሮምሳ የዶክተሯን እጅ ጨብጦ ለመልቀቅ ረሳ።

ከታክሲ ወርደው ሲመጡ እትዬ በለጡ ከሩቅ አዩዋቸውና ፈገግታቸውን አዘጋጁ።

«ሶሬቲዬ፣ አምሮ…»

«ይተዉኝ እትዬ! ውጤቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ኪኒን ብቻ ነው የታዘዘልኝ።»

እትዬ በለጡ ወደ ፍሮምሳ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው፣ እትዬ።»

ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ፣ ራጉኤልን አመሰገኑ፣ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ነጠላውን ሲገልጡት ግን ሌላ ሰው ነበሩ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ቀን በከንቱ ነው የዋሸሁት? በዚህ ዕድሜዬ ነፍሴን ልታስኮንኚ! ነይ ወዲህ። ወደ ፀሐይ ዙሪ!»

አገጯን ያዙና ሲጠራቀም የከረመውን ሁሉ አወረዱት። «ይኼ ዓይንሽ ሥር ያለው ምንድነው? ጥላሸት የተቀባሽ ነው እኮ የምትመስዪው! ቆዳሽ ደርቋል። ፀጉርሽ አልቋል። ያ አረንጓዴ ሹራብሽ ደግሞ፣ አንጀቴ እያረረ ነው ዝም ያልኩት፤ ለጠላቴም አልመኘው!» መንገደኛው መቆም ጀመረ። ባለሱቁ ከሱቁ ብቅ አለ። ሚሊዮን ማዶ ቆሞ፣ ተራው የእሱ ባለመሆኑ ደስ ብሎት ያዳምጣል።

ፍሮምሳ ሚስቱን ሊያስጥላት እጁን ሰደደ። ሶሬቲ እጁን ገፋችው። እንባዋ በጠቆረው የዓይኗ ሥር እየወረደ፣ ፊቷን ይበልጥ ወደ ፀሐይ አቀናች።

«ሌላስ፣ እትዬ?» አለች።