ፍሬን የሌለው ሰላምታ

ሰላምታ የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ዘብ ቆሞ የሚቆጥር።

አባባ ደስታ ይባላሉ። አቃቂ ላይ ባቡር ሲመጣ መንገዱን በአግዳሚ እንጨት የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። እኔ የባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ ስሆን በየማለዳው በኮርሳ ብስክሌቴ በፊታቸው አልፋለሁ። የኮርሳ መሪ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ ስለሆነ ነጂው አንገቱን ደፍቶ የፊት ጎማውን እያየ ነው የሚሄደው። ታዲያ ይህን እንደ ትሕትና ቢቆጥሩልኝ ምን ነበረበት? "ትኬት መቁረጥ ጀመረና ሰው ናቀ!" ብለው ሰፈሩን አዳረሱት። ቀላል ክስ እንዳይመስላችሁ፤ ሰላም የማይል ሰው ቢታመም ማን ይጠይቀዋል?

ስሜን ለማዳን መፍቻ አነሳሁ፤ መሪውን ፈትቼ ቀንዶቹን ወደ ላይ ገልብጬ አሰርኳቸው። ወገቤ ቀና፤ ፎቶ እንደሚነሳ ሹም ተኮፍሼ ለግራ ለቀኙ እጅ መንሳት ቻልኩ። ፍሬኖቹም አብረው ወደ ሰማይ ስለዞሩ ጣቴ በደንብ አይደርስባቸውም። ግን ለሰላምታ ፍሬን ምን ያደርጋል?

በማግስቱ ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ፤ አባባም መንገዱን ዘጉ። እኔ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ባርኔጣዬን አንስቼ "እንደምን አደሩ አባባ!" አልኩ። በሌላው እጄ ፍሬኑን ስፈልግ አግዳሚው ደረሰ። ብስክሌቱ እዚያው ቆመ፤ እኔ ግን ተወርውሬ እግራቸው ሥር ተዘረጋሁ።

አባባ ለባቡሩ የሚያውለበልቡትን ባንዲራ እንደያዙ ቁልቁል አዩኝ። ፊታቸው እንደዚያ ፈክቶ አይቼ አላውቅም።

"ተመስገን!" አሉ። "ዛሬ ገና እንደ ሰው ልጅ ከኮርቻህ ወርደህ ሰላም አልከኝ!"