የወረዳ አምስት አረም

ከተማ የሚያድገው ሰው ሲበዛ ነው የሚሉ አሉ። ይህ የሰነፍ ከተሞች አስተሳሰብ ነው። በካናዳ የስንዴ ሜዳ መሃል የተቆረቆረችው ይህቺ ከተማ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ሰው እስኪመጣላት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ አልነበረችም። በእነሱ አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ አስራ ሁለት፣ በሐምሌ ወር አንድ ማክሰኞ፣ ምክር ቤቱ ከራት በፊት ተሰብስቦ በአስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከተማዋን አራት እጥፍ አሳደጋት። አንድ ጡብ አልተነሳም፤ አንድ ሰው አላላበውም። ክቡር ከንቲባ ሆረስ ትዊድል ካርታው ላይ በቀይ እርሳስ ሰፊ አራት ማዕዘን አሰመሩ፣ «ወረዳ አምስት» ብለው ጻፉበት፣ ተጨበጨበላቸው፣ ሁሉም ወደየጥብሱ ሄደ።

ያኔ በከተማዋ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ይኖር ነበር። ከንቲባው ግን በስምንት ዓመት ውስጥ መቶ ሺህ እንደሚሞላ በጋዜጣ አሳውጀዋል። ለመቶ ሺህ ሰው ደግሞ ኦፔራ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ሰባ አራት ጎዳናዎች ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ሁሉም በካርታው ላይ ተሠሩ። ከንቲባው የቦታ ሻጭም ነበሩ። ይህ እንግዲህ እንዲያው አጋጣሚ ነው።

በዚያ ቀይ አራት ማዕዘን ውስጥ ዋሲሊና የምትባል አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ከባሏ ጋር ከምሥራቅ አውሮፓ፣ ከጋሊሺያ፣ ተሰድዳ መጥታ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ድንግል መሬት በጥርሷም በጥፍሯም ስታለማው ኖራለች። ባሏ አምና ሞቷል። የቀራት መሬቱና በላዩ የቆመው ስንዴ ነው። ከተሜ መሆኗን ያወቀችው አንድ ጠዋት ስንዴዋ መሃል ባለጽሑፍ እንጨት ተተክሎ፣ ላሟ ጎኗን ስታክበት አይታ ነው።

«አበልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አላት ኦኑፍሪ፣ የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሳላት ጎረቤቷ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ። «አርባ ስምንተኛ ጎዳና ይላል እኮ። ላምሽ የቆመችው ኦፔራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ባላገር ነኝ። ከተማው መንገዱ ላይ አልቋል። ዘፈኑ ሲጀመር ጥሪኝ እንግዲህ።»

ዋሲሊና ሳቀች። ሳቋ የቆየው ስንዴው እስኪደርስ ነው። በነሐሴ መጨረሻ፣ ዛላው ከብዶ አንገቱን ሲደፋ፣ የከተማው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣላት፤ በሕግ ቁጥር ስልሳ አንድ መሠረት ማጨጃም ሆነ መውቂያ መኪና በከተማ ክልል ውስጥ ማንቀሳቀስ፣ እሳትም መለኮስ፣ ለእሳት አደጋና ለከተማዋ ክብር ሲባል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በማግስቱ ከንቲባው ራሳቸው በመኪና ደረሱ። ባርኔጣቸውን እንኳ አነሱላት።

«እመቤቴ፣ ለእርስዎ አዝኜ ነው። ማጨድ ካልተቻለ መሬቱ ምን ያደርግልዎታል? ለኔ ይልቀቁልኝና ከትልቁ ልጅዎ ዘንድ ሄደው ይረፉ።»

«ስንዴው ቆሞ ወዴት ነው የማርፈው?» አለች ዋሲሊና። ከንቲባው ፈገግ ብለው ወደ ሰማይ አዩ። በዚያ አገር ከነሐሴ በኋላ ውርጭ ቀን አይቆጥርም፤ ያን ሁሉ ማሳ ደግሞ በእጅ ማጭድ ቀድሞ መጨረስ አይታሰብም። ስንዴው በውርጭ ከተመታ የክረምት እንጀራዋም የሚመጣው ዓመት ዘሯም ያኔ አለቀ፤ መሬቱን ከመልቀቅ በቀር ሌላ መውጫ የላትም። ይህን ከንቲባውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች።

በነጋታው ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ነበሩት፤ ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው ነበሩ። ስሙ ሚስተር ዳልግሊሽ ነው። ለየመሥሪያ ቤቱ የተለየ ባርኔጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥቁሩን አድርጎ ሲቀመጥ ዋና ጸሐፊ ነው።

«ስንዴዬን ልጨድ ነው፤ ፈቃድ ስጠኝ ልጄ» አለችው።

ዳልግሊሽ ማመልከቻ ጻፈላት፣ መዘገበ፣ ማኅተም መታ። «ይህ የእሳት አደጋ ኃላፊውን አስተያየት ይጠይቃል» ብሎ ተነሳ፤ ጥቁሩን ሰቀለ፣ የእሳት አደጋውን የነሐስ ቆብ ደፋ፣ ያንኑ ማመልከቻ እንደ አዲስ ከላይ እስከ ታች አነበበ። «አይፈቀድም» አለ በወፍራም ድምፅ። ከዚያ ነሐሱን አውልቆ ጥቁሩን አደረገና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«በጣም አዝናለሁ እመቤቴ። እሳት አደጋ ከለከለ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የከለከልከው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ያ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ከሳቸው ጋር ብዙም አንግባባም።»

ዋሲሊና ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር። እንባዋን እየዋጠች ቀና ስትል ግድግዳው ላይ አቧራ የጠጣ የሣር ባርኔጣ አየች።

«ያኛውስ የማነው?»

«የአረም ተቆጣጣሪው። ባለጉዳይ ግን የላቸውም፤ ከተማችን ንጹሕ ናት።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

ዳልግሊሽ ሕግ ይወድ ነበር፤ በቃሉ ወረደው። «ሕግ ቁጥር አስራ አራት። በመንገድ፣ በአደባባይ ወይም ቤት ባልተሠራበት ቦታ ላይ ከጉልበት በላይ የበቀለ ማናቸውም ነገር አረም ነው። የአካባቢው ነዋሪ በሰባት ቀን ውስጥ፣ በሚቻለው መሣሪያ ሁሉ፣ ማንሳት አለበት። ያላነሳ ይቀጣል።»

«በሚቻለው መሣሪያ ሁሉ?»

«ማጭድ አይልም፣ መኪና አይልም። ሁሉ ነው የሚለው።»

ዋሲሊና ጣቷን ወደ ሣሩ ባርኔጣ ቀሰረች። «እስቲ ባርኔጣውን አድርገው።»

«ለምን?»

«ጥቆማ አለኝ። አርባ ስምንተኛ ጎዳናን አረም በልቶታል። ደረቴ ድረስ ደርሷል።»

የዳልግሊሽ ጢም ጥግና ጥጉ ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብሎ ተነሳና የሣሩን ባርኔጣ አቧራውን እፍ ብሎ አደረገው።

«የማን ደጃፍ ነው?» አለ በቁጣ።

«የኔው።»

«አያፍሩም?»

«መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ!»

እዚያው የማስጠንቀቂያ ትእዛዝ ተጻፈላት። ባታጭድ እስር ቤት እንደምትገባ በማኅተም ተረጋገጠላት። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ዛቻ ከተወለደች ሰምታ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት በፈረስ የሚጎተተው ማጨጃዋ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ወደ ኦፔራ ቤቱ ሲዞር፣ የከንቲባው መኪና አቧራውን እያጨሰ ደረሰ። ከኋላ ዳልግሊሽ ባርኔጣዎቹን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ከንቲባው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ።

«አረም ነው ክቡር ከንቲባ» አለች ዋሲሊና ትእዛዙን እየዘረጋች። «ሕጉ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው አሉኝ።»

ከንቲባው አነበቡ። ገጹን ገለበጡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አንቀጽ አራት! የተነሳ አረም ወዲያው ይቃጠላል! ይቃጠል!»

ነዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሮ ቆሟል፤ የባሏ ላብ፣ የሷ አስራ አንድ ዓመት። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ኦኑፍሪ ማዶ ሆኖ መንሹን ጨብጦ ደርቆ ቀረ። ዋሲሊና ደግሞ ዳልግሊሽን ብቻ አየችው።

ዳልግሊሽ ከመኪናው ወረደ። የነሐሱን ቆብ ደፋ።

«ክቡርነትዎ፣ የእሳት አደጋ ኃላፊ እንደመሆኔ፣ በከተማ ክልል ውስጥ እሳት መለኮስ በሕግ ስልሳ አንድ ክልክል መሆኑን አሳስባለሁ።»

«ታዲያ የት ይቃጠል?»

ነሐሱን አውልቆ የሣሩን አደረገ። «ከክልሉ ውጭ ተወስዶ ይወገድ።»

«ከዚያ በኋላስ ማን ያቃጥለዋል?»

ጥቁሩን አደረገ። «ከመንገዱ ማዶ፣ ክቡርነትዎ፣ ሥልጣን የለንም። እስኪኖረን ድረስ።»

ከንቲባው ራሳቸው የፈረሙትን ሕግ ተቃውመው አያውቁም፤ ታላቅነታቸው ይኸው ነው። ጋሪው ነዶውን እየጫነ መንገዱን ተሻገረ። የኦኑፍሪ መውቂያ መኪና ማዶ ከጠዋት ጀምሮ እያጨሰ ይጠብቅ ነበር። የምክር ቤቱ የዓመቱ ሪፖርት ላይ «ወረዳ አምስት በሦስት ቀን ውስጥ ፍጹም ጸድቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ።

ክረምቱ መጣ። ቦታ ገዥው ጠፋ፤ ለመቶ ሺህ ሰው የተዘጋጀው ጎዳና ሁሉ ጥንቸል ይሮጥበት ጀመር። በጥር ወር በረዶው ሐዲዱን ቀበረውና ባቡር አስራ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በሰባተኛው ቀን ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ዘጋ። በዘጠነኛው ቀን ከንቲባው፣ አንድ የምክር ቤት አባልና ዳልግሊሽ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ መጥተው የዋሲሊናን በር አንኳኩ። ውስጥ የጎመን ሾርባ ይፈላ ነበር፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ከድስቱ መንቀል አቃታቸው።

«እመቤቴ» አሉ ከንቲባው፣ «ከተማው በእርስዎ ይኮራል። ስንዴ አስፈጭተው ማስገባትዎ ተሰምቷል።»

«ስንዴ? በከተማ ክልል ውስጥ? ወይ ጉድ! እኔ ያለኝ አረም ነው።»

ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው... አረሙን።»

«በጽሑፍ አድርጉታ።»

ዳልግሊሽ ጻፈ፤ ከንቲባው ፈረሙ፦ ምክር ቤቱ ለሕዝቡ ምግብ የሚሆን አርባ ጆንያ አረም እንዲሰጠው በታላቅ ትሕትና ይለምናል።

«ዋጋውስ?» አሉ ከንቲባው።

ዋሲሊና ረሃብን ከጋሊሺያ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በረሃብ ቀልዳም አታውቅም። «ለከተማው ልጆች ባትጠይቁኝም ነገ ጠዋት ጭኜ ላመጣ ነበር» አለች። «ለእናንተ ግን ዋጋ አለው። ከተማችሁን ከማሳዬ ላይ አንሱልኝ።»

«ከተማ ወደ ኋላ አይሄድም!» ብለው ጮኹ ከንቲባው።

«ክቡርነትዎ» አለ የምክር ቤቱ አባል በሹክሹክታ፣ «ሚስቴ ትናንት ማታ የውሻውን ብስኩት ነው የቀቀለችልን።»

ስብሰባው እዚያው ምድጃው ዳር ተከፈተ። በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ወረዳ አምስት ወደ ባላገርነት ተመለሰ። ከንቲባው ተነስተው ንግግር አደረጉ። «ይህ መቀነስ አይደለም! ከተማችን ዛሬ ወደ ውስጥ አድጋለች!» የምክር ቤቱ አባል ዳቦ ጎርሶ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻለም።

ዳልግሊሽ ብዕሩን አነሳ። «ለከተማው የታሪክ መዝገብ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ከንቲባው ከፍ ያለ ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ዋሲሊና ግን የመጀመሪያውን ጆንያ ወደ በሩ እየጎተተች፣ «ምን ያስጨንቃል?» አለች። «ከተማዋ ዛሬ ዳቦ በላች ብለህ ጻፍ።»

ዳልግሊሽ እንደተባለው ጻፈ። በዚያ ዓመት መዝገቡ ላይ ከሰፈረው ሁሉ እውነት የነበረው ያ መስመር ብቻ ነው።